«ንኩ» የሚባልበት አዳራሽ

የሰንበቴ ማኅበርተኞቼ፣ ከላስታ ከተመለስኩ ወዲህ በየእሑዱ «እስቲ ንገረን» ትሉኛላችሁ። እኔም አንዱን ስይዝ አንዱን እየጣልኩ፣ መጨረሻው ላይ ሳልደርስ ጠላው እያለቀ ተቸግረናል። ስለዚህ ጻፍኩት። ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ጀምሬ፣ በሬ ጠብቅ ተብዬ የቀረሁ ሰው ነኝና አጻጻፌ ቢንጋደድ ታገሡኝ። ቸኩዬም አልጽፍም።

የሄድኩበትን ታውቃላችሁ። ልጄ ዝናሽ ላሊበላ የሳይንስ መምህርት ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ባዶ ሆኖብኛል፤ ይህንንም ታውቃላችሁ፣ ማታ ማታ እሳት የምታነዱልኝ እናንተ ናችሁ። ወደ አገሯ ተመልሳ ወረታ እንድታስተምር ስንት ጊዜ ለመንኳት። በመጨረሻ በስልክ «ይምጡና እንነጋገር» አለችኝ። እኔ ይዣት ልመለስ ሄድኩ።

ማክሰኞ

ከወረታ የተነሣነው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ቅጥቅጥ በሚሏት አውቶቡስ። ከማሳችን የተገኘ ሩዝ በትንሽ ጆንያ ይዣለሁ፤ ሌላ ለልጅ የሚወሰድ ነገር አልታየኝም። ከተማውን እንደለቀቅን ሜዳው አለቀ። እኛ ፎገራ ላይ ዓይናችን ምንም ሳያግደው እስከ ጣና ይሄዳል፤ የምንፈራውም ውሃ እንጂ ተራራ አይደለም። እዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ብቻ ነው። ደብረ ታቦር ቁርስ በላን። ጉና ተራራ ላይ ጉም መስኮቱን ሸፈነውና ሾፌሩ ጭንቅላቱን አውጥቶ እያየ ነዳ። ነፋስ መውጫ ወርጄ ሻይ ስጠጣ ንፋሱ ባርኔጣዬን ነጥቆ ገብስ ማሳ ውስጥ ከተተው። ባለማሳው አምጥቶ ሰጠኝና፣ «እኛ እዚህ ባርኔጣ በገመድ ነው የምናስረው» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ አገጩን ሳይ የሱ ባርኔጣ እውነትም በገመድ ታስሯል።

ኮን የምትባል ከተማ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን መኪናዋ ጮኸችና ቆመች። ሾፌሩ ከሥር ገብቶ ቆየና ወጣ፤ «ዛሬ አትሄድም» አለ። እንደ ታመመች ላም አድርጎ ነው ያዘነላት። ኮን በእግራችን ገባን። አልጋ ቤቶቹ ሁሉ ተይዘዋል። ብርዱ የኛን አገር ብርድ አይመስልም፤ እኛ ዘንድ ብርድ ቆዳ ላይ ይቀመጣል፣ እዚያ ግን አጥንት ውስጥ ቤት ይሠራል። ጆንያዬ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ሱቁን የሚዘጋ ሰው አየኝ። ኑርዬ ይባላል፤ ኋላ ነው ስሙን ያወቅኩት።

«አባቴ፣ ማንን ይጠብቃሉ?» አለኝ።

«ንጋትን» አልኩት።

«ንጋት እቤት ውስጥም ይመጣል። ይነሡ።»

ቤቱ ስንገባ ወጥ ተጥዷል። ገና ሳልቀመጥ «የኛን ሥጋ እንደማይበሉ አውቃለሁ፣ አይሳቀቁ» ብሎኝ ወደ ጎረቤት ላከ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ማተብ ያሰረች ሴት ሽሮ በራሷ ድስት፣ እንጀራ በራሷ መሶብ ይዛ ገባች፤ እሷም አብራኝ ተቀመጠች። በአንድ ቤት ሁለት ማዕድ ቀርቦ፣ እየተጨዋወትን በላን። እንዲህ ያለው እንግዳ ስንት ጊዜ ቢመጣባቸው ነው ይህን ያህል የለመዱት ብዬ አሰብኩ። ልጄን ልመልስ እንደምሄድ ስነግረው ኑርዬ «አብሽሩ አባቴ» አለኝ፤ በነሱ አነጋገር አይዞዎት ማለት ነው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ «እሷስ ምን አለች?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ጆንያዬን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ። ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ላይ ደርቦ አስተኛኝ።

ረቡዕ

ኑርዬ ድንች የጫነ አይሱዙ ላይ አሳፈረኝ። ከጭነቱ በላይ ስምንት ዘጠኝ ሰው ተቀምጠናል። መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ጆንያዬ ተተረተረና ሩዙ በድንቹ መካከል ፈሰሰ። እኔ ትቼው ነበር። ተሳፋሪው ግን እህል ሲፈስ ዝም ብሎ የሚያይ ሕዝብ አይደለም፤ ድንቹን እያነሡ፣ በነጠላ ጫፍ እያጠራቀሙ፣ እስከ ጋሸና ሲለቅሙልኝ ሄዱ። አንዲት ሴት አንዷን ፍሬ በጥርሷ ሞክራ፣ «ይኸን ነው ከውሃ ውስጥ ቆማችሁ የምታርሱት? ለዚህ ነው?» አለች። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ጆንያውን በመርፌ ሰፍታ የመለሰችልኝም እሷው ናት።

መሬታቸውን ሳየው ግን መሳቄን ተውኩ። ገብሱ ቆሞ ያለው በድንጋይ መካከል ነው። እኛ ድንጋይ ስንፈልግ በመኪና እናስጭናለን፤ እነሱ ደግሞ አፈር እንዳይሄድባቸው በየገደሉ እርከን ሠርተው ይጠብቁታል። ከጋሸና ሚኒባስ ይዤ ከሰዓት በኋላ ላሊበላ ገባሁ።

ዝናሽ መናኸሪያ ቆማ ጠበቀችኝ። ከስታለች። ሳቅፋት ትከሻዋ የእናቷ ሆነብኝ። የምትኖረው እትዬ የሺ ከሚባሉ ባልቴት ግቢ ነው፤ ዳገት ላይ። እትዬ የሺ «ጾም ነውና ይቅር በሉን» እያሉ ሱፍ ፍትፍት አቀረቡልኝ፤ ይቅርታ የሚያስፈልገው አልነበረም፤ ሁለት ጊዜ ተጨመረልኝ።

ከበላን በኋላ ልጄ የያዘችውን ሥራ ነገረችኝ። አውደ ርዕይ ትለዋለች። ሰው ሁሉ፣ የተማረውም ያልተማረውም፣ ገብቶ በእጁ እየነካ፣ እየጎተተ፣ እየተናገረበት፣ ሳይንስ የሚባለውን በራሱ የሚደርስበት አዳራሽ ነው። ግድግዳው ላይ ጽሑፍ የለም፤ ሆን ብላ ነው የተወችው። «ማንበብ የማይችል ሰው ከበር እንዲመለስብኝ አልፈልግም» አለች። አዳራሹን ያዋሷት የከተማው ሹሞች ናቸው፤ ባዶ ከሆነ ግን ማዳበሪያ ሊያከማቹበት ይፈልጋሉ።

«ቅዳሜ ገበያ ነው፣ በሩን እከፍታለሁ» አለችኝ። «ሰው ገብቶ እጁን ካሳረፈበት አዳራሹ ይቆይልኛል። ካላሳረፈበት ዕቃዬን ሰብስቤ ሰኞ ከርስዎ ጋር እሄዳለሁ። ቃሌ ነው።»

«እኔን ታዲያ ለምን ፈለግሽኝ?»

«ያልገባዎትን አልገባኝም ለማለት የማያፍሩ ሰው እርስዎን ብቻ ነው የማውቀው። ነገ ይሞክሩልኛል።»

ማታ ስጸልይ ምን ብዬ እንደምለምን ጨነቀኝ። አባታችን ሆይ ብዬ ብቻ ተኛሁ።

ሐሙስ

አዳራሹ የቆርቆሮ ክዳን ያለው ረጅም ቤት ነው፤ የኛን የሩዝ መፈልፈያ ቤት ያህላል። በር ላይ ብርሃኑ የሚባል ጎልማሳ ተቀበለን። ድሮ አብያተ ክርስቲያናቱን ለውጭ አገር ሰዎች እያስጎበኘ ይተዳደር ነበር፤ ከጦርነቱ ወዲህ እንግዳው ሲሳሳ ዝናሽን ያግዛል። «ዕድሜዬን በሙሉ ፈረንጅ ግድግዳ እንዳይነካ ስጠብቅ ኖሬ፣ አሁን ንኩ በል ተባልኩ» አለኝ። ጫማው እንደ መስተዋት ያበራል።

ዝናሽ «ማንም ለአባዬ ምንም እንዳይነግራቸው» ብላ ጥግ ቆመች። እኔም እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ዕቃውን ሁሉ ዞሬ አየሁና ተመልሼ መጣሁ።

«ምነው አልነኩትም?» አለችኝ።

«የሰው ዕቃ ነው። ንካ አልተባልኩም።»

ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ እንድነካ ነገረችኝ። በአንድ በኩል እኩያ የሆኑ ሁለት ድንጋዮች በገመድ ተንጠልጥለዋል። አንዱ ገመድ የሚያልፈው በአንድ መዘውር ላይ ነው፤ ሁለተኛው ግን በብዙ መዘውሮች መካከል ይመላለሳል። መዘውር የምትለው ገመድ የሚሮጥበትን ትንሽ ጎማ ነው። በብዙው በኩል ያለውን ስጎትት ድንጋዩ እንደ ላባ ተነሣ። «ልጄ፣ ይኸ ድንጋይ ቦርቡረሽው ነው እንጂ እንዲህ አይቀልም» አልኳት። አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ደስ አላት። ሰው ተንኮል አለበት ብሎ እንደሚጠረጥር አላሰበችውም ነበር። ወዲያው ድንጋዮቹን ዝቅ አድርጋ፣ ማንም አቅፎ ሊመዝናቸው በሚችልበት አሰረቻቸው።

ከዚያ ረጅም የውሃ ቧንቧ አለ፤ ግድግዳ በስቶ ወደ ውጭ ይወጣና ቤቱን ዞሮ በሌላው ጫፍ ይመለሳል። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ዝናሽ በወዲያኛው ጫፍ ሆና በሹክሹክታ ተናገረች፤ ድምፅዋ ግን ከትከሻዬ ሥር የመጣ ያህል ነበር።

«አባዬ፣ ብቻዎን እንዴት እየሆኑ ነው?»

ፊት ለፊት ብትጠይቀኝ «ደህና ነኝ» እላት ነበር። ፊቷን ስላላየሁት ነው መሰል፣ ማታ ማታ የእናቷን ቦታ ሳልነካ ጥግ እንደምተኛ ነገርኳት።  ቧንቧውም፣ «እኔም ስልክ ስደውል እሷ የምታነሣ ይመስለኛል» አለ። ከወዲያ ወዲህ ስንገናኝ ሁለታችንም ምንም እንዳልተባባልን ሆንን።

መጨረሻ ላይ ጨለማ ክፍል አለ። ብርሃን እንዳይገባ በሩ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ወፍራም መጋረጃ ተሰቅሏል። እሷ እጄን ይዛ ስላስገባችኝ መጋረጃውን ልብ አላልኩትም። ውስጥ በአንድ ቀዳዳ የገባው ብርሃን ነጭ ግድግዳ ላይ ውጭ ያለውን መንገድ ከነሰው ሥሎታል፤ የሚሄዱት ግን ተዘቅዝቀው ነው። አንዲት ሴት እንስራ አዝላ በጭንቅላቷ ቁልቁል ስታልፍ አየሁ፤ ውሃው ለምን አይፈስም ብዬ ደነገጥኩ። ብርሃን ቀጥ ብሎ እንጂ ታጥፎ ስለማይሄድ፣ ከላይ የመጣው በቀዳዳው አልፎ ታች፣ ከታች የመጣው ላይ እንደሚያርፍ በዱላዬ እያሳየች አስረዳችኝ። ገባኝ። አገር ቤት ሳለች የምትነግረኝ የሳይንስ ነገር ገብቶኝ አያውቅም ነበር።

ዓርብ

ከገበያው በፊት የሠፈር ሰው ገብቶ እንዲሞክር ተጠርቷል። ከቅዳሴ መልስ መጡ፤ ወንዱም ሴቱም ነጠላ እንዳጣፋ። የሆነውን እንዳየሁት ልጻፈው።

በር ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ማንም አላዘዛቸውም። ብርሃኑም ከፊት ከፊት እየሄደ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ድሮ እንደለመደው ስለ እያንዳንዱ ዕቃ ረጅም ትምህርት ሰጠ፤ የተጠየቀ ይመስል ስፋቱንና ቁመቱን ሁሉ ተናገረ። ሰዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር ሳያወጡ፣ ቀስ ብለው ዞሩ። ጨለማው ክፍል ሲደርሱ አንዲት አሮጊት ጎንበስ አሉና የመጋረጃውን ጫፍ ተሳለሙ። ከኋላቸው ያሉትም ተራ በተራ ተሳለሙ። ማንም አልገባም። መጋረጃ ከተጋረደ ወዲያ ያለው የካህናት እንጂ የምእመን አይደለማ፤ እኛስ ብንሆን እንገባ ነበር? አሮጊቷ ሲወጡ የዝናሽን እጅ ይዘው፣ «እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ በሰላም ተሳለምን» አሏት።

የተነካ ነገር ቢኖር መጋረጃው ብቻ ነው።

ሁሉም ሲሄዱ ዝናሽ ድንጋዩ አጠገብ ቁጭ ብላ መጀመሪያ ሳቀች። ሳቁ ቶሎ ወደ ልቅሶ ዞረ። ብርሃኑ ጫማ ጫማውን ያያል። እውነቱን ልናገር፤ እኔ በልቤ የሰኞን መንገድ ጀምሬ ነበር፤ ሻንጣዋን ማን እንደሚሸከምልን፣ ኑርዬ ቤት ጎራ ብለን እንደምናመሰግነው አሰብኩ። ፊቷን ሳየው ግን ያ ደስታ አፌ ውስጥ መረረኝ።

እትዬ የሺ የላኩትን የሽንብራ ቆሎ እየበላን ሳለ ድንገት ተነሣች። «ብርሃን አይታጠፍም አላልኩዎትም? መጋረጃ ለምን አስፈለገኝ! መግቢያውን ራሱን አጥፌ ብሠራው ብርሃኑ ተከትሎ አይገባም፣ ሰው ግን ይታጠፋል» አለች። መጋረጃውን አወረደችው። ባሕር ዛፍ ተቆረጠ፤ ሰሌንና ጆንያ ተገኘ። ሁለት ጊዜ የሚታጠፍ፣ በር የሌለው መግቢያ ሠራን። እንጨቱን ቀጥ አድርጌ የያዝኩት እኔ ነኝ። «አባዬ፣ እንዳይወላገድ» ስትለኝ ቀጥ አደረግኩት። ልወላግደው እችል ነበር፤ አላስቻለኝም።

ቅዳሜ

የላሊበላ ገበያ ቅዳሜ ነው፤ ከብልባላውም ከገነተ ማርያሙም አህያ እየነዱ ይመጣሉ። የኛ ገበያ በሜዳ ላይ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ የነሱ ዳገት ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚውለው። አዳራሹ ከገበያው መውጫ ላይ ስለሆነ ዝናሽ በሩን እንደከፈተች ሰው ገባ። ብዙ ሰው። ግን እንደ ትናንቱ ነው። ጫማ ይወልቃል፣ እጅ ነጠላ ወይም ጋቢ ውስጥ ይቀራል። «ንኩት፣ የናንተ ነው» ትላቸዋለች፤ «እሺ እመቤቴ» ብለው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላሉ። ጨለማው ክፍል አሁን መጋረጃ ስለሌለው የገቡም ነበሩ፤ አይተው ዝም ብለው ወጡ። ሌላውን ማንም አልነካም። የልጄ ድምፅ እየደከመ ሄደ።

ያን ጊዜ ያደረግኩትን ለምን እንዳደረግኩት ዛሬም በደንብ አላውቀውም። ቁጭ ብዬ ላያት አልቻልኩም፤ ይኸው ነው። ተነሥቼ ወደ ገመዱ ሄድኩና ጎተትኩ። ቸኩዬ ስለነበር የያዝኩት አስቸጋሪውን፣ ባንዱ መዘውር ብቻ የሚያልፈውን ነው። ድንጋዩ አንድ ስንዝር ተነሣ፤ ከዚያ ወዲያ እሱ ሳብ አደረገኝ። እንዳልለቀው እግሬ ላይ ይወርዳል፤ እንዳልጎትተው አቅም የለኝም። ባርኔጣዬ ወደቀ። እግሬ በሲሚንቶው ላይ ተንሸራተተ።

«ኧረ ሽማግሌው ተጎተቱ! ቆማችሁ ታያላችሁ?»

የጮኸው ከብልባላ ገብስ ጭኖ የመጣ ሰው ነው። ዱላውን ጥሎ ገመዱን ከበላዬ ያዘ። ከኋላው ሌላ፣ ከሱ ኋላ ሌላ። እኔ መሐላቸው ተጣብቄ ቀረሁ። ድንጋዩ እስከ ወጋግራው ወጥቶ ቆመ።

ሰውየው ድንጋዩን አውርዶ ወደ ዝናሽ ዞረ። «አንቺ እመቤት፣ እኒህን አባት ድንጋይ ታስጎትቻለሽ?» አላት በቁጣ።

ልጄ ሁለተኛውን ገመድ እጁ ውስጥ አስቀመጠችለት። «ይኸኛውን ደግሞ ብቻዎን ያግዙን» አለችው።

ያግዙን ስለተባለ ጎተተ። ድንጋዩ በአንድ እጁ ተነሣለት። ለቀቀው፤ ሄዶ አቀፈው፤ ያኛውንም አቀፈው። «እኩያ ናቸው» አለ ለራሱ። ከዚያ ሚስቱን ጠራት፤ ቀጭን ሴት ናት፣ ጫማዋን በእጇ ይዛለች። እሷም ጎተተች፤ ድንጋዩ ወጣ።

«ይኸን ሁሉ ዘመን ጉልበተኛ ነኝ እያልክ ስትኮራብኝ!» አለችው።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ በኋላ ማን ያቆማቸዋል። ሰውየው ግን አልሳቀም፤ እየጎተተ እየለቀቀ ገመዱን ሲከታተል ቆየ። ድንጋዩ አንድ ክንድ ሲነሣ ከእጁ ሥር የሚከመረው ገመድ ብዙ ክንድ ነው። «አሃ» አለ፤ «ጉልበቱን ምሮን በገመዱ አስከፈለን።»

ዝናሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ትምህርት ቤት ይህን ነገር ስታስተምር ስንት ቀን እንደሚፈጅባት ነግራኝ ነበር።

ቶሎ ግን ተመለሰች፤ ብርሃኑን ጠርታ፣ «ሰው ለማየት አይነካም፣ ለማገዝ ግን ይነካል። ማስረዳቱን ተወውና የምትቸገር ምሰል» አለችው። ብርሃኑ ያን ቀን ሲያቃስት ዋለ። ከመዘውሩ ወደ ቧንቧው እየሄደ «አልሰማም እኮ፣ እስቲ እርዱኝ» ይላል፤ አንዱ ይደርስለታል፤ የደረሰለት ሰው ሌላውን ይጠራል። በቧንቧው አንዲት ነጋዴ ከወዳጇ ጋር የበርበሬ ዋጋ ተከራከረች፤ በወዲያኛው ጫፍ የቆሙት ሁሉ እንደሚሰሙ አላወቀችም፤ ደንበኞቿ ግን ሰሙ። ጨለማው ክፍል ውስጥ አንድ ቄስ የተዘቀዘቀውን መንገድ አይተው፣ «ከላይ ለሚያየን እኛም እንዲሁ ሳንመስል አንቀርም» ብለው ወጡ። ከሹሞቹም አንዱ መጥቶ ነበር፤ ኮቱን አውልቆ ሲጎትት አየሁት፤ ሲወጣ «በየቅዳሜው ክፈችው እንጂ» ብሏት ሄደ።

ማታ እትዬ የሺ በገመድ የተላጠ መዳፌን ቅቤ ቀቡልኝ። «ደስ ብሎዎት ይሆናል» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ከደስታው ጋር አብሮ የመጣውን ሌላውን ነገር ግን አልነገርኳቸውም።

እሑድ

ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ከኔ የተሻሉ ብዙ ሰዎች ተናግረዋል፤ እኔ የምጨምረው የለም። ካስቀደስን በኋላ ከዝናሽ ጋር ከዐለቱ ጠርዝ ላይ ፀሐይ እየሞቅን ተቀመጥን። እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ቀና ብለን ጉልላቱን ነው የምናየው፤ እዚያ ጎንበስ ተብሎ ነው ጣራው የሚታየው። 

«አባዬ» አለችኝ፤ «እርስዎ ይወስኑ። ነይ ካሉኝ እመጣለሁ።»

ይህን ቃል ለመስማት ስንት ጊዜ ተመኝቼ ነበር።

«ቃልሽ ሰው ካልነካው ነበር» አልኳት። «ሰው ነካው።»

«ቃሌን ሳይሆን እርስዎን ነው የምጠይቀው።»

«እኔንማ ጠየቅሽኝ፤ በዚያ በቧንቧው። መለስኩልሽ። ከዚያ በላይ የምለው የለኝም። በዓል በዓል ነይልኝ።»

እጄን አንሥታ የተላጠውን መዳፌን አየችው። ሁለታችንም ማልቀስ ይገባን ነበር፤ ሰው ስለሚያልፍ ተውነው።

ሰኞ

የመልሱን መንገድ አልጽፈውም፤ ያው መንገድ ነው፤ ኑርዬን ጎራ ብዬ ማመስገኔን ብቻ ያዙልኝ። የሚጻፈው መነሻው ነው።

መናኸሪያ ስንደርስ ሚኒባሱ ገና አልሞላም። ዝናሽ ከመስኮቱ ሥር ቆማ የገብስ ቆሎና ዳቦ የያዘ ፌስታል አቀበለችኝ። ስለ መድኃኒቴ፣ ስለ በሬው፣ ስለ ጣራው ማፍሰስ፣ የማይረባውንም የሚረባውንም ጠየቀችኝ። እኔም መለስኩላት። ስልኳ ጮኸ። ብርሃኑ ነው። ቅዳሜ ገመዱን የጎተተው ሰው የብልባላ ጎረቤቶቹን አስከትሎ፣ ገበያ በሌለበት ቀን ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ መጥቷል፤ በሩ ተዘግቶባቸው ፀሐይ ላይ ቆመዋል፤ ቁልፉ ደግሞ እሷ ዘንድ ነው።

ስልኩን እንደያዘች ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ሾፌሩ ገና ሰው እየጠራ ነው፤ መኪናው መቼ እንደሚነሣ አይታወቅም።

«ሂጂ» አልኳት።

«እስኪነሣ ልቁም አባዬ።»

«ሰው ፀሐይ ላይ ይቆማል እንዴ? ሂጂ።»

በመስኮቱ ጉንጬን ሳመችኝና ሄደች። መጀመሪያ በእርምጃ ነበር፤ ቁልቁለቱ ሲጀምር ነጠላዋን ሰብስባ በሩጫ ሆነ። እኔ እስክትሰወር አየኋት። አጠገቤ የተቀመጠ ሽማግሌም አብሮኝ አያት።

«ያቺ ልጅ የርስዎ ናት?» አለኝ።

«የኔ ናት» አልኩት።

«እንዲህ ወዴት ትሮጣለች?»

«ቤቷ እንግዳ መጥቶባት ነው» አልኩት።